ያላየውን የማይቀባ ሰው

ሥዕሉን ያየሁት ቅዳሜ ጠዋት፣ የሶቢያውን አመድ ልጠርግ ስገባ ነው። ሶቢያ የሚሉት እዚህ አገር በክረምት ቤት የሚያሞቁበትን የብረት ምድጃ ነው። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ነበር። ሌላ ጊዜ አሠሪዬ ሠዓሊው ዘግቶት ነው የሚነሳው፣ የዚያን ቀን አልዘጋውም። እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ጽሑፍ ሲሆን ጣቴን እያስቀደምኩ ነው የማነበው። ሥዕል ግን እንደዚያ አይደለም፣ አንዴ ካዩት አዩት ነው።

ልጄ ነበረች። በጀርባዋ ተንጋላለች፣ ዙሪያዋ ውሃ ነው፣ ውሃው ጆሮዋን አልፎ ጉንጯ ጋ ደርሷል። የተላጨው ራሷ፣ ቅንድቧ ላይ ያለችው ጠባሳ፣ ሁሉም ቦታው አለ። በከሰል ነው የሠራው፣ ጥቁር ብቻ። ከንፈሯን ግን በሰማያዊ እርሳስ ነካ አድርጎታል።

አካፋውን መሬት አስቀመጥኩ። በመስኮቱ በኩል የጓሮው ቢርካ ይታያል፣ ማለትም ለአትክልት የሚሆን የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት የድንጋይ ገንዳ። ዳር ዳሩ በረዶ ይዞ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ሥዕል ነው ብሎ ገጹን ገልጦ ያልፋል። እኔ የሰውየውን አሠራር አውቃለሁ። ወንበሩ ላይ፣ የእሱ ወንበር ላይ፣ ተቀመጥኩ። ከዚያ በፊት ተቀምጬበት አላውቅም።

አሠራሩን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ከራሱ አውጥቶ ደብተር ላይ በከሰል ይሥላል። ከዚያ ያ የሣለው ነገር በዓይኑ ፊት እውነት እስኪሆን ድረስ ቀለም አይነካም። እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ “ያላየሁትን አልቀባም። በቀለም መዋሸት ከሌብነት ይብሳል።” ሰዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ደብተሩ ላይ ያለው ነገር እንዴት እውነት እንደሚሆን ግን የምናውቀው እዚያ ቤት የምንኖር ነን።

የገባሁ ሰሞን የተቆረጠ የሮማን ዛፍ ሣለ፣ ከነአበባው የወደቀ። በሳምንቱ ሰው ጠርቶ በሩ ላይ የነበረውን ሮማን ቀይ አበባውን እንደያዘ አስቆረጠው። የጎረቤት አሮጊት መጥታ አጥሩ ጋ ቆመች። “አባትህ ነው የተከለው” አለችው። “ለዚህ ነው የተከለው” አላት። አበባው እስኪጠወልግ አምስት ቀን አጠገቡ ተቀምጦ ቀባ። ሥዕሉን አይቼዋለሁ፣ ያምራል። ይህን አልክድም።

ከሮማኑ ቀጥሎ ተራው የኔ ሆነ። መንጋጋዬን አሞኝ ፊቴ ማበጥ ጀምሮ ነበርና ጥርስ ሐኪም ጋ ውሰደኝ ስለው አገጬን ይዞ ወደ መስኮቱ አዞረኝ። እንደ ደግ ሰው ነው የያዘኝ። ማታ ደብተሩ ላይ እኔን ሣለ፣ እብጠቱን ግን ከነበረው እጥፍ አድርጎ። ከዚያ “ገና ነው፣ ይድረስ” አለኝ። የማስታገሻ ክኒኑን ከመሳቢያው ወሰደብኝ፣ እብጠት ይቀንሳል ብሎ። አሥራ አንድ ቀን ጠበቀ። እያደር ዓይኔ ተዘጋ፣ ሾርባ በማንኪያ ጫፍ እየጎነጨሁ ለሥዕሉ ቆምኩለት። በአሥራ አንደኛው ቀን “ኸላስ፣ መርሲ” አለና፣ በቃ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው፣ ራሱ በመኪናው ወሰደኝ። ሦስት ጥርስ ነው የነቀሉልኝ። ሐኪሙ ለምን ቆየሽ ብሎ ሲቆጣኝ፣ “እነዚህ ሕክምና ይፈራሉ” አለው እሱ።

ለምን አልወጣሽም ትሉ ይሆናል። እሺ።

ቤይሩት ውስጥ፣ መዝረዓ ከሚባለው ሰፈር፣ ከአሠሪዬ ከማዳሜ ቤት የወጣሁት ባረገዝኩ ጊዜ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ አልወልድም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ማዳሜ ሆዴን ስታይ ሻንጣዬን ደረጃው ላይ አወጣችው፣ ፓስፖርቴ እሷው ጋ ቀረ። የልጄ አባት በባሕር ወደ ሌላ አገር እሻገራለሁ ብሎ ሄደ፤ መድረሱን የነገረኝ የለም። እኔ ቡርጅ ሐሙድ የሚባል ሰፈር ከአገሬ ሴቶች ጋር ክፍል ተጋርቼ በሰዓት እያጸዳሁ ልጄን አሳደግኩ። ሕፃን በጀርባ ያዘለች ሠራተኛ ማን ያስገባል? በር ከፍተው ልጅቷን ሲያዩ ፈገግ ይላሉ፣ ከዚያ በሩ ይዘጋል። ጦርነቱ ሲበረታ ደግሞ የሚያጸዳ ቤት ራሱ ጠፋ። ያን ጊዜ ነው ፀጉር ቤት ያላት የአገሬ ልጅ የነገረችኝ።

“ተራራ ላይ የሚኖር ሠዓሊ ሠራተኛ ይፈልጋል። ልጅ ያላት መሆን አለባት አለ።”

“ልጅ ያላት ብትሆንም ነው ወይስ ልጅ ያላት?”

“ልጅ ያላት። ምን ታደርቂያለሽ አንቺ ሴትዮ፣ ስንቱ በር ሲዘጋብሽ ከርሞ አሁን ሲከፈትልሽ ትመረምሪያለሽ?”

እኔም አልመረመርኩም። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ እንጂ።

መንደሩ ጸጥ ያለ ነው። ጥድ፣ ወይራ፣ የድንጋይ ቤቶች፤ ግማሾቹ ባለቤቶቻቸው ውጭ አገር ስለሆኑ ዝግ ናቸው። ከበረንዳው ቤይሩት ከነጭሷ፣ ከኋላዋ ባሕሩ ይታያል። ከሰማይ ከሚያንዣብበው ድሮን በቀር የሚረብሽ ድምፅ የለም። የሚሠራው ድሮ ሐር ይፈተልበት በነበረ ረጅም አዳራሽ ውስጥ ነው፣ መስኮቶቹ ከሰው ቁመት በላይ ናቸው። እኔ ብሩሽ በአኳራጅ አጥባለሁ፣ ሸራ ሲወጥር እይዝለታለሁ፣ ምግብ እሠራለሁ። ሰው ሁሉ ኡስታዝ ይለዋል፤ እዚህ አገር ለተማረና ለተከበረ ሰው የሚሉት ነው። ልጄን ግን ጂዶ በይኝ አላት፣ አያቴ ማለት ነው። እሷም ጂዶ አለችው። አያት አልነበራትም።

እዚያ ያቆየኝ ወረቀት ነው። ልጄ ስትወለድ ሆስፒታሉ የሰጠኝ አንድ ወረቀት ነበረኝ፣ የሁለት እግሮቿ መዳፍ በጥቁር ቀለም የታተመበት። ከዚያ ሌላ በዚህ ዓለም መኖሯን የሚናገር ነገር የለም። ኡስታዝ በገባሁ በወሩ “ስጪኝ፣ ጠበቃዬ መዝገብ ያስገባታል፣ ትምህርት ቤት ትገባለች” አለኝ። በሁለት እጄ ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ በጠየቅኩት ቁጥር “ቡክራ” ነው መልሱ። ነገ፣ ነገ፣ ነገ። ወረቀቱን ጥዬ ብወጣ ልጄ ማን ትሆናለች? እያልኩ ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ።

ልጄን መሣል ሲጀምር ደስ ያለኝ ጊዜም ነበር። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ቅጥፈት ይሆንብኛል። የሚያበሳጨው መንቀሳቀስ ነው፤ ልጅ ደግሞ ይንቀሳቀሳል። አንዴ ስትወዛወዝበት ብሩሹን ግድግዳ ላይ ወረወረና “ነገ ሌላ ልጅ ያላት አስመጣለሁ” አለኝ። እኔ ፈራሁ። ማታ ማታ አልጋችን ላይ ጨዋታ አስተማርኳት፤ እኔ እስክነካሽ ድረስ አትንቀሳቀሺ፣ ዝንብ ቢያርፍብሽ፣ ቢበላሽ፣ ሽንትሽ ቢመጣ አትንቀሳቀሺ። ስታሸንፍ ጉንጯን እስማታለሁ። ጎበዝ ሆነች። ኡስታዝ ለእንግዳ “ድንጋይ ናት” እያለ ሲያሞግሳት እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ኮራሁ። የስድስት ዓመት ልጄን ድንጋይ ስላሏት ኮራሁ።

ባለፈው መከር ራሷ የተላጨ ልጅ ሣለ። ሹሩባዋን እኔ ነበርኩ የምሠራት፣ እሑድ እሑድ፣ በረንዳው ላይ። መላጫውን ሲያመጣ “ፀጉር ነው፣ ይበቅላል” አልኩ ለራሴ። እሷ ጠጉሯ ከመሬት ሲጠረግ አይታ “እማ፣ መልሺልኝ” አለችኝ። እሱ ወዲያው ተቀመጠና ያን ፊቷን ቀባው።

እና ቅዳሜ ዕለት ያንን የውሃውን ሥዕል ሳይ ከየት እንዳመጣው ገባኝ። ከኔ ነው። ጥር ስለሆነ ጥምቀት ደርሶ ነበርና ከሳምንት በፊት ምሳ ሳቀርብለት አገራችሁ አሁን ምን በዓል አለ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ ነገርኩት፤ ሌሊቱን ታቦት ውሃ ዳር እንደሚያድር፣ ሲነጋ ውሃው ተባርኮ እንደሚረጭ፣ ልጆች በዚያ ብርድ ዘለው እንደሚገቡ፣ ሲወጡ ከንፈራቸው እንዴት እንደሚሆን። ሹካውን አስቀምጦ ነበር የሰማኝ። በሕይወቴ እንደዚያ አድርጎ የሰማኝ ሰው የለም።

ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ገባ። አልተቆጣም።

“ኡስታዝ፣ ይህቺ ልጄ ናት።”

“አዎ። ሰኞ፣ ፀሐይ ከወጣ።”

“ውሃው በረዶ ነው።”

“እናንተ ሕፃን ታጠምቁ የለ? አንቺው አይደለሽም የነገርሽኝ?”

“ያ እኮ እግዜር ያለበት ነው። ገብተው ወዲያው ይወጣሉ።”

“እሷም ትወጣለች። ከንፈሯ እንደዚህ ሲሆን” አለና ጣቱን ሰማያዊው ላይ አደረገ፤ “እስኪ ተነሺ፣ አመዱን አፍስሰሽዋል።”

“እኔን አድርገኝ” አልኩት። “እኔ እገባለሁ።”

ሳቀ። “አንቺን ማን ያዝንልሻል? አርባ ሦስት ዓመትሽ ነው፣ ጥርስ የለሽም። ካልፈለግሽ በሩ ክፍት ነው። ወረቀቱ ግን ጠበቃው ጋ ነው፣ ገና አልተመለሰም።”

እሑድ ምሳ እንግዶች መጡ፣ ሁለት። አንዷ ከተማ ውስጥ ሥዕል የምትሸጥለት ነጭ ፀጉር ያላት ማዳም ናት፣ አንደኛው ሐኪም ነው። ድንችና ጥብስ ሳቀርብ ስለ ሰኞው ያወራሉ። አረብኛ እንደምሰማ ያውቃሉ፣ ግን ሠራተኛ ጆሮ ያላት አይመስላቸውም።

“ስንት ደቂቃ ትቆያለች?” አለ ኡስታዝ።

ሐኪሙ ዓረቄውን በውሃ እየቀላቀለ አሰበ። “ትንሽ ሰውነት ቶሎ ነው የሚቀዘቅዘው። ከሩብ ሰዓት አታሳልፋት። ከዚያ ካለፈ የኔ ሥራ ትሆናለች።”

ተሳሳቁ። ልጄ ጥግ ላይ ዳቦ እየበላች ነበርና ሲስቁ አብራ ሳቀች።

ከምሳ በኋላ የተላጨችውን ልጄን ሥዕል ሊያሳያቸው ወደ አዳራሹ ወሰዳቸው፤ እኔ ቡና ይዤ ተከተልኩ። ትልቅ ሸራ ነው። ልጄ ቆማ፣ ፊቷ እንደዚያ ቀን ሆኖ። ከእግሯ ሥር ቀለሙ ሳሳ ብሎ ከውስጥ የሆነ ነገር ይታያል። ቀደም ብዬ ምንጣፍ የሣለ መስሎኝ አልፌዋለሁ። ማዳሟ መነጽሯን አደረገችና ጎንበስ አለች።

“ይህ ምንድነው? የተለጠፈ ነው?”

“የእግሯ አሻራ ነው። የተወለደች ዕለት የተወሰደ። እውነተኛው ወረቀት፣ ቅጂ አይደለም። ያላየሁትን—”

“አልቀባም፣ አውቃለሁ አውቃለሁ” አለች እየሳቀች። “ወላሂ አንተ ጭራቅ ነህ። ይህ ከሁሉ በፊት ነው የሚሸጠው።”

ሁለቱ ትንንሽ እግሮች በሙጫ ተጣብቀው፣ በላያቸው ቫርኒሽ ተቀብቶ ያበራሉ። ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ወረቀት እዚያ ነበር። ጠበቃ የሚባል ሰው ኖሮ አያውቅም።

ማዳሟ እጇን ልትታጠብ ወጥ ቤት ስትመጣ በሩን ገፋ አድርጌ ለመንኳት። “ማዳም፣ በመኪናሽ ከተማው መግቢያ፣ እስከ ዶራ ብቻ። እኔና ልጄን። ከዚያ እኛ እናውቃለን።”

እጇን ቀስ ብላ አደረቀች። “ሐቢብቲ፣ ሰው ቤት ምሳ በልቼ ሠራተኛውን ይዤ ልሂድ? እንዴት ይሆናል?”

“ውሃው ይገድላታል።”

“ማንም አይሞትም፣ ሐኪም አለ አይደል? እስኪ አስቢው፣ አንቺም ትሞቻለሽ፣ እሷም አድጋ አርጅታ ትሞታለች፣ ሥዕሉ ግን ይኖራል። ለልጅሽ ይህን የሚያደርግላት ማን አለ?” ፎጣውን መለሰችልኝ። “መርሲ፣ ድንቹ በጣም ጥሩ ነበር።”

ለሱ ነገረችው። ያወቅኩት መኪናቸው ከሄደ በኋላ ነው። ገብቶ ምንም ሳይናገር የልጄን ጫማ ከበሩ ሥር አነሳ፣ ያላት አንዱን ጥንድ፣ የሶቢያውን ክዳን ከፍቶ ከተተው። ጎማው ሲነድ ቤቱ ሁሉ ሸተተ።

“አሁን ጫማ ያለሽ አንቺ ነሽ” አለኝ። “ሂጂ።”

ከመንደሩ እስከ ዋናው መንገድ በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ጭጋጉ ወርዶ፣ ዝናብ ጀምሮ ነበር። ፀጉር ቤት ያለችው የአገሬ ልጅ ጋ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት።

“ሰኞ የሚወጣ መኪና አለ?” አለችኝ።

“የአትክልት ሻጩ አለ። በአራት ሰዓት ያልፋል፣ በማይክ እየጮኸ።”

“በሱ ውረጂ። ልጅቷን ከነነፍሷ አምጫት እንጂ ወረቀቱን ተዪው። ሰማሽኝ? ወረቀቱን ተዪው።”

ሰኞ ሲነጋ ጭጋጉ መስኮቱን ሞልቶት ነበር። ተመስገን አልኩ፤ ፀሐይ ከሌለ ሥራ የለም። ኡስታዝ ከታች ካለው ጎተራ እንጨት ፈልጬ እንዳመጣ ላከኝ፣ ልጅቷ ተኝታለች፣ ሰዓቱ ገና ሦስት አልሞላም። እንጨቱን በሁለት እጄ አቅፌ ስወጣ ጥላዬን መሬት ላይ አየሁት። ቀና ስል ጭጋጉ ተገፎ ፀሐይ ወጥታለች።

እንጨቱን የት እንደጣልኩት አላውቅም።

ልጄ ውሃው ውስጥ ነበረች፣ በነጭ ቀሚስ፣ በጀርባዋ ተንጋላ። ከሥሯ ጣውላ በድንጋይ ላይ አጋድሞላታል። ያን ጣውላ ዓርብ ዕለት በሳሙና ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ለመደርደሪያ መስሎኝ። ኡስታዝ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን ተክሎ፣ ኮትና ኮፍያ አድርጎ ይቀባል። አንገቱ ላይ ሻርፕ አለ።

“ውጪ” አልኳት።

ዓይኗን ብቻ ወደኔ አዞረች።

“ልጄ፣ ውጪ። ነይ።”

“ጂዶ አልጨረሰም” አለች። ስትናገር ከንፈሯ እምብዛም አይላወስም። ጥርሷ አይንቀጫቀጭም፤ መንቀጥቀጡን አልፋዋለች። “እማ፣ አልተንቀሳቀስኩም።”

“ጨዋታው አልቋል። አልቋል አልኩሽ፣ ተነሺ።”

“አልነካሽኝም እኮ።”

ቃሌን ነው የመለሰችልኝ፤ እስክነካሽ ድረስ ያልኳትን። ገባሁ። ውሃው እስከ ወገቤ ነው። ቅዝቃዜው መጀመሪያ እንደ እሳት ነበር፣ ከዚያ እግሬ የሌላ ሰው ሆነ። ስነካት ሰውነቷ እንደ እንጨት ደርቆ ነበርና ከነጣውላው የማነሳት መሰለኝ። አንገቴን አቅፊ ስላት እጇ አልታጠፈም። አፏን ጆሮዬ ጋ አስጠግቼ ትንፋሿን ጠበቅኩ። መጣ።

“አሥር ደቂቃ አልሞላም” አለ ኡስታዝ። “አበላሸሽው። ፀሐዩ ሊሄድ ነው፣ መልሻት።”

ደረቴ ላይ አድርጌ ስወጣ ድምፁን ለወጠው፤ እንደ ደግ ሰው። “የት ትሄጃለሽ? ልጅ ያላትን ሴት ማን ይወስዳል? ስትርብሽ ማታ ትመለሻለሽ፣ እኔም አልቆጣሽም።”

በጓሮው በር ወደ መንገዱ ወጣሁ። አንድ ጊዜ ዞር ብዬ አይቼዋለሁ። አልተከተለንም። ብሩሹን አስቀምጦ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ነበር፤ እኛን እያየ በከሰል ይሥላል።

ለአራት ሰዓት ብዙ ይቀር ነበር። መንገዱ ዳር ያለ ዝግ ቤት በረንዳ ሥር ገብቼ ቀሚሷን አወለቅኩላት፣ የኔን ሹራብ ገልጬ ከቆዳዬ ጋር አጣበቅኳት። እኔም ከወገቤ በታች ውሃ ነኝ። ልክ እንደተወለደች ዕለት ደረቴ ላይ አደረግኳት። “አትተኚ” እላታለሁ፤ “እሺ” ትለኛለች፣ ድምፁ እየራቀ። አሁን ተንቀሳቀሺ፣ እግርሽን አወዛውዢ፣ ምቺኝ፣ ንከሺኝ አልኳት። ያስተማርኳትን ሁሉ በተቃራኒው ለመንኳት። በኋላ መንቀጥቀጥ ስትጀምር እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ መንቀጥቀጥ ጥሩ ነው።

ማይኩ ከሩቅ ተሰማ፤ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ብርቱካን። ሻጩ ሶሪያዊ ሽማግሌ ነው፣ ሁልጊዜ ሎሚ ይመርቅልኛል። መንገዱ መሐል ስቆምበት ፍሬን ያዘና በመስኮት አንገቱን አወጣ።

“ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ዛሬ ልትገዢ ነው ወይስ ልትሸጪ?” አለና ልጄን አያት። ማይኩን አጠፋው። “ግቢ” አለ።

የመኪናው ማሞቂያ አይሠራም። ሁለት የድንች ጆንያ አራግፎ አለበሰን፣ የራሱን ጃኬት ጨመረ። ማን እንዲህ አደረጋችሁ ብሎ አልጠየቀኝም። ወደ ዋናው መንገድ ስንቀርብ ግን ቀስ ብሎ ነዳና፣ “ወረቀት አለሽ?” አለኝ።

“የለኝም።”

“ለልጅቷስ?”

“የላትም።”

“የኔም አልቋል” አለ። “ታች ሐጂዝ አለ፣ ወታደሮች ቆመዋል። በወይራው መሐል እንሄዳለን፣ ግን ይርቃል። ትችላለች?”

ምን ልበለው? “ትችላለች” አልኩ። ኮረኮንቹ ላይ መኪናው ሲዘል እያንዳንዷን ደቂቃ በትንፋሿ ነው የለካሁት። አንድ ቦታ ጠባብ ድልድይ አጠገብ የጦር መኪና ቆሞ አየን። ሽማግሌው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ እየጸለየ መሰለኝ። አንዱ ወታደር ወርዶ ጠጋ አለ፣ ከኋላ የተጫነውን አየ፣ ሁለት ብርቱካን አነሳና በእጁ እለፍ አለን። ወደኛ አላየም። ብርቱካን ወስዶ ስላሳለፈን እስከ ዛሬ እመርቀዋለሁ።

ዶራ ላይ አላወረደንም። እኔ አውርደን ብለው፣ “በባዶ እግሯ?” አለኝና ቡርጅ ሐሙድ ድረስ ገባ፣ ያ ሁሉ ሞተር ሳይክል እየጮኸበት፣ እየተሰደበ፣ መልሶ እየተሳደበ። ፀጉር ቤቱ በር ላይ አቆመ። የአገሬ ልጅ የሰው ፀጉር ግማሹን ሠርታ፣ ማበጠሪያ አፏ ውስጥ ይዛ ወጣች። ስታየን ማበጠሪያው ወደቀ።

ሴቶቹ ተቀበሉኝ። አንዷ የፀጉር ማድረቂያውን አበራች፣ አንዷ ጎረቤት ያለችውን ነርስ ጠራች። ልጄ ሦስት ቀን ተኮሰች፤ ሳንባዋን ብርድ መቶት ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነርሷ ልታዳምጣት መሣሪያውን ደረቷ ላይ ስታደርግ “ይቀዘቅዛል” ብላ እጇን ገፋችው። እኔ ስቄ ወጣሁና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ትኩሳቱ ሲወርድላት ስለ ወረቀቱ ነገርኳቸው። የእግሯ አሻራ ከተማ ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሊሸጥ ነው፣ ልጄ አሁን ማንም አይደለችም አልኩ። የአገሬ ልጅ አየችኝ፣ አየችኝና፣

“መዝገቡስ?” አለችኝ።

“የምን መዝገብ?”

“የወለድሽበት ሆስፒታል መዝገብ። ቅጂ ይሰጣሉ እኮ። የኔን ልጅ ወረቀት ውሃ ገብቶበት አስቀይሬ የለ? አንድ ጠዋት ነው የፈጀው። ለምን አልጠየቅሽኝም?”

ለምን አልጠየቅኳትም? ወረቀት አንድ ብቻ የሚሆን ይመስለኝ ነበር፣ እንደ ነፍስ። የሚጠይቅ ሰው አላዋቂነቱን ያሳያል ብዬ ደግሞ አፈርኩ። ጥርሴ፣ የልጄ ፀጉር፣ ያ ሁሉ “ቡክራ” ለዚህ ነበር። ሌሎቹ ሊያጽናኑኝ ፈልገው፣ አንዷ “እኔም አላውቅም ነበር” አለች፤ ሌላዋ ደግሞ ሳቋ አመለጣትና ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔም ሳቅኩ። ሳቁ አላማረም።

ያን ሳምንት ሁለታችን አብረን ሄድን። የመስኮቱ ልጅ መዝገቡን ገልጣ፣ ጣቷን በመስመሩ ላይ እየጎተተች ስታገኛት የልጄን ስም ጮክ ብላ አነበበች። እዚያ ነበረች፣ ሁልጊዜም። ማኅተም አድርጋ ሰጠችን። የእግር አሻራው የለበትም፣ ለዚያ ይከፋኛል።

ልጄ አሁንም አንዳንዴ ሳላስበው ዝም ብላ ትቆማለች፣ ዕቃ በእጇ ይዛ፣ ዓይኗ አንድ ቦታ። ያን ጊዜ ሄጄ እነካታለሁ። ኡስታዝ አልደወለም፣ አልመጣም። የሚፈልገውን ስላገኘ ይሆናል፣ ወይ ሌላ ልጅ ያላት አግኝቶ ይሆናል፤ ይህን ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል፣ ለዚህም ነው ጣቴ እየደከመ የምጽፈው። የአገሬ ልጅ ለሠራተኛ ፈላጊ ሁሉ አሁን ደጋግማ ትጠይቃለች፣ ለምን ልጅ ያላት ፈለግክ እያለች።

ክፍላችን ከፀጉር ቤቱ በላይ ነው። ስምንት ነን፣ ጠባብ ነው፣ መብራት ይሄዳል ይመጣል። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። ልጄ ከጎኔ ናት፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች፣ እግሯን ሆዴ ላይ ጥላለች። ደርሰናል። እኔም ልጄም ደህና ነን።